የከሰዓት ቤት ኩርፊያ

በከተማችን በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች በስድስት ሰዓት ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ፣ ወላጆች ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ፣ ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ሁሉ በከሰዓት ቤት ይውላል። ልጆቹ በበሩ ሲገቡ ቦርሳ አይሰቅሉም፤ ደብተር የሚባል ነገር የላቸውም። የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። አገጫቸውን ቀና አድርገው በአንገትጌያቸው ላይ የተሰካችውን ትንሽ አምፖል ለበሩ ያሳያሉ። አረንጓዴ ከሆነች በሩ ይከፈታል። ቢጫ ከሆነችም ይከፈታል፤ የሚከፈተው ግን ሌላው በር ነው።

በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ እዚህ ቤት ሠልጣኝ ሆኜ ገባሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በክብር የተሰናበትሁ ሰው ዳግመኛ ከተማሪ ወንበር ላይ የተቀመጥሁት የሥራ ፍቅር አድሮብኝ አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ፣ የተንከባካቢነት የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው፣ አያትም ቢሆን፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይዞ እንዳይውል ስለ ከለከለ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ብሌን ከደረቅ ወደብ ሥራዋ እስክትመለስ ድረስ የስምንት ዓመት ልጇን ተዋበችን በየቀኑ ይዤ የምውል ሰው ነበርሁ። ፈተናውን ካለፍሁ ተዋበች ወደ ቤቴ ትመለሳለች። ከወደቅሁ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለው የፋብሪካዎች የከሰዓት ቤት ትዛወራለች፤ እዚያ አያት የሚገባው እሑድ ብቻ ነው።

በልጅነቴ ተዋበች የሚባሉት አሮጊቶች ነበሩ። ሕፃናቱ እኛ ያፌት፣ ሶሊያና፣ ናሆም እንባል ነበር። ዛሬ ያፌት የሽማግሌ ስም ሆኗል፤ በግቢው ውስጥ «አሰገደች!» «ደምሴ!» ተብሎ ሲጠራ እየሮጡ የሚመጡት የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ያልጨረሱ ናቸው። መልመድ አቅቶኝ ቆይቷል። «አሰገደች» ሲባል ሳላስብ ከመቀመጫዬ ብድግ ያልሁበት ጊዜ ነበር።

ሥልጠናው ጠዋት በክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ከልጆች ጋር ነበር። አሠልጣኛችን ዘነበች የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ አረማመዷ ኮሽታ የሌለው፣ ስትናገር እጆቿ ከጭኗ የማይነሡ። ከአምፖሉ ጋር ካደጉት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዷ ነበረች። ከልጄ ብታንስም የአሠልጣኝነቱን ወንበር ስለያዘች «እርስዎ» እላት ነበር፤ ወንበር ይከበራል ተብዬ ነው ያደግሁት።

«የተንከባካቢ ሥራ አንድ ነው» አለችን በመጀመሪያው ቀን። «ቢጫው ቀይ ሳይሆን አረንጓዴ ማድረግ። ልጁን የከፋው እንደሆነ አምፖሉ ቀድሞ ያውቃል። እናንተ ከአምፖሉ ቀጥላችሁ ታውቃላችሁ።»

«ወላጆቹስ?» አለ ከጎኔ የተቀመጠው ሙሄ። ሙሄ መኪኖች ያለ ሹፌር መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሰ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

«ወላጆቹ ከእናንተ እኩል ያያሉ፤ ቀለሙ በእጃቸው ላይ ይበራል።»

«እንግዲያው የኔ ነገር አበቃ» አለ ሙሄ። «ሚስቴ ቤት ውስጥ የማደርገውን ሁሉ ታያለች፤ አሁን ደግሞ ከተማው በሙሉ!»

ዘዴው አጭር ነው። ቢጫ ካበራው ልጅ ፊት፣ ከዐይኑ ዝቅ ብሎ መቀመጥ። ስሙን አንድ ጊዜ መጥራት። ከዚያ ሦስት ምርጫ መስጠት፤ «ውኃ ትጠጣለህ፣ ሥዕል ትሥላለህ፣ ወይስ ከእኔ ጋር በረንዳውን ትዞራለህ?» ልጁ አንዱን ይመርጣል፤ አምፖሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሁልጊዜ ይሠራል፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ኳሱን የተነጠቀ ልጅ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ማን እንደ ነጠቀው ረስቶ ከነጣቂው ጋር ይሥቃል። እኔን ያስቸገረኝ ዝቅ ብሎ መቀመጡ ነበር።

«መምህር፣ የኔ ጉልበት መሪ ስይዝ ታጥፎ ቀረ» አለኝ ሙሄ፣ ወለሉ ላይ ለመቀመጥ ግድግዳውን ስደገፍ አይቶ። «የእርስዎ ደግሞ ሰሌዳ ፊት ቆመው ቀጥ ብሎ ቀረ። ሁለታችንን ቢያቀላቅሉን አንድ ደኅና ተንከባካቢ ይወጣን ነበር፤ ወላሂ!»

ተዋበች በዚያው ግቢ ትውል ነበር፤ ሥልጠናው እስኪያልቅ ግን «አባባ» ብላ እንድትጠራኝ አልተፈቀደም። በመጀመሪያው ቀን በአጠገቤ ስታልፍ አፏን በእጇ ይዛ «ተንከባካቢ ያፌት፣ የሸሚዝህን ቁልፍ ዘለሃል» ብላኝ ሮጠች።

ያለፈው ዘመን ሁሉ ማር ነበር አልልም። በእኔ ጊዜ በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ እንቀመጥ ነበር። አንድ ጠዋት ባንዲራ ስንሰቅል ከፊቴ የቆመችው ልጅ ድንገት ወደቀች፤ ቁርስ ሳትበላ መምጣቷን ማንም አላወቀም፤ አጠገቧ የነበርሁት እኔም አላወቅሁም። አምፖል ቢኖራት ይታወቅ ነበር። ይህንን የሚክድ ሰው ሕፃናትን አይወድም። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጬ የልጅነቴ ሰፈር ጩኸት ይናፍቀኝ ነበር። ማታ መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ አፍ «ኧረ!» ይላል፤ ሲመጣ «መጣ!» ብሎ ቤቱን ያናጋዋል። ዛሬ መብራት አይሄድም፤ የሚመጣም የለም።

አንድ ቀን አሠልጣኟ የልጆችን ስሜቶች ዘረዘረችልን፤ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ቅናት፣ መሰልቸት። ለእያንዳንዱም የሚስማማውን ምርጫ ነገረችን። ስትጨርስ እጄን አወጣሁ።

«ኩርፊያስ?»

«ቁጣ ማለትዎ ነው?»

«ቁጣ አይደለም። የተቆጣ ሰው ይናገራል።»

«እንግዲያው ሐዘን ነው።»

«ያዘነ ሰው ያለቅሳል። የኮረፈ ግን አይናገርም፣ አያለቅስም። ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የቀረበለትንም አይበላም።»

ቃሉን ሰምታው ታውቃለች፤ ደርሶባት ግን አያውቅም። «እና ምን ፈልጎ ነው?» አለች።

«እንዲለመን ነዋ!» አለ ሙሄ።

«ምን እንዲያደርግ?»

«እንዲታረቅ።»

«መታረቅ ከፈለገ ለምን ራሱ አይናገርም?»

«አሠልጣኝ፣ ቀድሞ የተናገረማ ተሸነፈ!»

ክፍሉ ሣቀ፤ እርስዋ አልሣቀችም። በእውነት ለመረዳት እየሞከረች ነበር። ስለዚህ ተነሥቼ የሰይድን ነገር አጫወትኋቸው።

ሰይድ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ የዐሥር ዓመት እኩያሞች ነበርን። አንድ ክረምት ሳንቲም አዋጥተን ብስክሌት ተከራየን። ዙሩን ጨርሶ ሲያስረክበኝ ጎማዋ ተንፍሶ ነበር። አልሰደብሁትም፤ አልመታሁትም፤ ብስክሌቷን መሬት ላይ አጋድሜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገርንም። አብረን ኳስ እንጫወታለን፤ ግን እኔ ለሦስተኛ ሰው «ለዚያ ልጅ አቀብል በለው» እላለሁ፤ እርሱም ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ እየሰማኝ «ያ ልጅ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻ የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራ ሁለታችንንም አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን፤ በመካከላችን የድንች ወጥ ያለበት ትሪ አኖሩና «ይኼ ትሪ ባዶ ካልሆነ በሩ አይከፈትም!» ብለው ዘጉብን። ርቦናል፤ መተያየት ግን ሽንፈት ነው። ጀርባችንን ለትሪው ሰጥተን እጃችንን ወደ ኋላ እየዘረጋን በላን። ድንቹ ውስጥ እጄ ከእጁ ጋር ተጋጨ። ማን ቀድሞ እንደ ሣቀ እስከ ዛሬ አልተስማማንም ነበር፤ እርሱ ዐረፈና ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ።

«አንድ ክረምት ሙሉ ባከናችሁ» አለች ዘነበች፣ በእውነተኛ ርኅራኄ።

«አልባከንም፣ አሠልጣኝ። ከሰይድ ጋር ተስማምተን ያሳለፍናቸውን ክረምቶች አንዱን ከአንዱ አለይም። ያንን ግን እያንዳንዱን ቀን አስታውሰዋለሁ።»

በፈተናው ቀን ሠልጣኙ ስድስት ልጆች ይሰጡታል፤ እስከ ማታ ይዟቸው ይውላል። ቢጫ ይፈቀዳል። አንዲት አምፖል ቀይ ከሆነች ግን ወደቀ። ምድቡን የሚያወጣው ሰው ስላልሆነ ዝምድና አይጠይቅም፤ ከስድስቱ አንዷ ተዋበች ሆና አገኘኋት። ሦስት ጊዜ ቢጫ በራብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጉልበቴ እየተንቋቋ ዝቅ ብዬ አረንጓዴ አደረግሁት። ተዋበች ከሩቅ አውራ ጣቷን ታሳየኝ ነበር።

መክሰስ ሲደርስ ትኩስ ዳቦ ቀረበ። ደምሴ የሚባለው ትንሹ ልጅ ድርሻውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ አሰገደች ለጋው፤ እርስዋም መልሳ ለጋችው።

«ደምሴ!» አልሁት። «ዳቦ በእግር ይመታል? ነውር ነው!»

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። የደምሴ አምፖል ቢጫ በራ። ዘነበች ከበሩ ሆና ትመለከተን ነበርና በዚያ ኮሽታ በሌለው አረማመዷ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ተንከባካቢ ያፌት፣ ያ ቃል በዚህ ቤት አይነገርም። እባክዎ ከልጁ ላይ ያንሡለት።»

«ዳቦ እየመታ ነው እኮ።»

«ዳቦው ይተካል። እባክዎ ያንሡለት፤ ልጆቹ እየሰሙ ነው።»

ልጆቹ እየሰሙ ነበር፤ ነገሩም ይኸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር በተማሪ ፊት ያረመኝ ሰው አልነበረም። ርእሰ መምህሩ እንኳ የሚነግረኝ ነገር ሲኖረው ወደ ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኝ ነበር። «አንሥቻለሁ» አልሁ። ዳቦውን ከወለሉ ላይ አንሥቼ አራገፍሁና ጠረጴዛው ዳር አኖርሁት። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ሄጄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥሁ።

በከሰዓት ቤት ተንከባካቢው ሳይቆርስ ልጆች አይበሉም፤ አንድ ላይ መብላት ከሥርዓቱ አንዱ ነው። ልጆቹ ጠበቁ። እኔ አልተነሣሁም። ከኋላዬ ጸጥታው ሲከብድ ይሰማኝ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የቢጫ ብርሃን ነጸብራቅ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ታከለበት።

ሙሄ የራሱን ቡድን ከጎረቤት ክፍል ትቶ መጣና በጆሮዬ «መምህር፣ ፈተና ላይ ነዎት እኮ! ነገ ይኮርፋሉ፤ ለዛሬ ያሳልፉት» አለኝ።

«አልኮረፍኩም» አልሁት። የኮረፈ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ዘነበች ሙቀቴን ለካች። «ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም።»

«ምንም ካልሆኑ ለምን አይበሉም?»

«አላሰኘኝም።»

ግራ ተጋብታ ወደ ሙሄ ዞረች። «ታመዋል?»

«ኧረ ኮርፈው ነው! በልጆች ፊት ስላረሟቸው። አሁን መለመን አለባቸው።»

«ምን ተብሎ?»

«እንዴ! 'በሞቴ' ይባላላ!»

«ሞት የሚለው ቃልም በዚህ ቤት አይነገርም» አለች ዘነበች። አነጋገሯ ግን የደንብ አልነበረም፤ ሊረዳ ፈልጎ እጁ ባዶ የሆነበት ሰው አነጋገር ነበር። ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ እኔን አንድ ፍርሃት ገባኝ። የኮረፍሁት አንድ ሰው መጥቶ ይለምነኛል ብዬ ነው፤ በዚህ ቤት ግን እንዴት እንደሚለመን የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ልጆቹ መመለስ አለበት። ከወንበሩ በራሴ ልነሣ ብል አጥንቴ እምቢ አለኝ። ፈተናው እያመለጠኝ ነበር።

ትንሽ እግር ሲቀርብ ሰማሁ። ተዋበች ነበረች። ወለሉ ላይ፣ ከዐይኔ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ ልክ እንደ ተንከባካቢ።

«ተንከባካቢ ያፌት። ሦስት ምርጫ አለህ። ዳቦ ትበላለህ፣ ውኃ ትጠጣለህ፣ ወይስ ከእኔ ጋር በረንዳውን ትዞራለህ?»

«አንዱንም አልፈልግም።»

ሕፃናት እንዲህ ዐይነት መልስ ሰምተው አያውቁም። ደግማ ሞከረች። «ሥዕልም አለ።»

«አልፈልግም አልኩ።»

ፊቷ ላይ የሆነውን ለመግለጽ እቸገራለሁ፤ ከዚያ በፊት አይቼው ስለማላውቅ ሳይሆን፣ ካየሁት እጅግ ረዥም ዘመን ስለሆነ ነው። የታችኛው ከንፈሯ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ስለምንህ እንቢ ትላለህ?» አለች። ደንቡን ረስታው ነበር። «እንቢ ካልክ እኔም አልበላም፣ አባባ!» ብድግ ብላ ወደ ሌላው ጥግ ሄደች፤ ክንዶቿን አጣጥፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ማንም አላስተማራትም።

አምፖሏ ቢጫ ሆነ። ዘነበች በሩጫ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ስሟን ጠራች፤ ምርጫ ሰጠቻት። ተዋበች አልዞረችም። አምፖሉ ቀይ በራ።

የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው። የማባበያ ቃላትን የማውቃቸው በጆሮዬ እንጂ በአንደበቴ አልነበረም፤ እናቴ ስትናገራቸው ሰምቻለሁ እንጂ እኔ ለማንም ብያቸው አላውቅም። ጉልበቴን እንደ ምንም አጥፌ ከኋላዋ ተቀመጥሁ።

«ተዋቡ። የኔ እመቤት።»

ያጣጠፈቻቸውን ክንዶች ይበልጥ አጠበቀች።

«አጥፍቻለሁ። በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ዙሪ።»

ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። «እየሞትክ ነው?» አለች ወደ ግድግዳው።

«አይደለም። እንዲያው ይባላል።»

«ካልሞትክ ለምን ይባላል?»

«እንድትበዪልኝ ነው።»

ጥቂት አሰበች። ከዚያ መናገሯ ትዝ አላትና «ኮርፌአለሁ» አለች፣ ቆጣ ብላ።

«አውቃለሁ፤ እኔም ኮርፌ ነበር። እኔ ተውኩት።» ከዳቦው ቆረስሁ፤ ግማሹን ለራሴ ይዤ ግማሹን በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ዘረጋሁላት። ብዙ ጠበቅሁ። ክንዴ መዛል ሲጀምር አንድ እጅ መጥቶ ዳቦውን ወሰደው። አኘከች። ቀዩ መብራት ቢጫን ሳይነካ በቀጥታ አረንጓዴ ሆነ።

ከኋላችን ደምሴ «እኔም ልኮርፍ!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ሁሉ ወደ የጥጉ ሮጡ፤ ሙሄም ማን ማንን እንደሚለምን እየደለደለ ክፍሉን የሠርግ ቤት አስመሰለው።

ማታ ልጆቹ ሲሸኙ ዘነበች እኔንና ተዋበችን አስቀረችን። ሙሄ ፈተናውን ማለፉ ተነግሮት በሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ቀይ በርቷል» አለች ዘነበች። «ለቀይ ሁለት ማብራሪያ ብቻ አለ። ወይ አምፖሉ ተበላሽቷል፣ ወይ ሠልጣኙ ወድቋል። ማብራሪያውን የምሰጠው እኔ ነኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተበላሽቷል ማለት እችላለሁ፤ እርስዎ ከተስማሙ።»

ይህ ለእርስዋ ትልቅ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ምናልባት የመጀመሪያ ውሸቷ ነበር።

«ተበላሸ ከተባለ በኋላ አምፖሉ ምን ይደረጋል?» አልኋት።

«ይቀየራል። አዲሱ ቀድሞ የሚነቃ ነው፤ ገና ሊጀምራት ሲል ያረጋጋታል። ዳግመኛ እንደ ዛሬው አትሆንም።»

«መቼም?»

«መቼም።»

«አባባ፣ ተበላሽቷል በል!» አለች ተዋበች። አምፖሏን በጥፍሯ ቆረቆረቻት። «አየህ? ተበላሽቷል። በቃ ቤት እንሂድ!»

ልጅቷን አየኋት። ከሰዓት በኋላዎቿን ሁሉ በአንዲት ቃል መልሼ ልወስዳቸው እችል ነበር፤ ወደ ቤቴ የምወስዳት ግን ከእንግዲህ በማንም ላይ ጀርባዋን የማትሰጥ ልጅ ትሆናለች። ሰው ጀርባውን የሚሰጠው ይመጣልኛል ብሎ ለሚያምነው ሰው ነው። ይህንን ዛሬ ከጥግ ወደ ጥግ ስሻገር ነው ያወቅሁት፤ ከእርስዋ ላይ ላስነቅለው አልቻልሁም።

«አምፖሉ ደኅና ነው» አልሁ። «ልጅቷ ኮርፋ ነበር። ያስኮረፍኳትም እኔ ነኝ።»

ዘነበች ከንፈሯን ገጠመች። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እያነሣች ታስቀምጥ ነበር። «በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መፈተን ይችላሉ» አለች። ፊቷን ግን ወደ እኔ አላደረገችም።

«አሠልጣኝ ዘነበች፣ ውለታዎን ንቄ አይደለም።»

እጇ ሳታስበው ወደ አንገትጌዋ ሄደ፤ በልጅነቷ አምፖሉ ተሰክቶበት የነበረውን ቦታ ዳበሰ፤ ባዶ ነበር። ደኅና እደሩ ሳትለን ወጣች።

ሙሄ አፉን ይዞ ቆየና «መምህር! አሠልጣኟ ኮረፈች!» አለ። «ወላሂ ኮረፈች! ይሂዱ፣ ይለምኗት!»

በማግስቱ በሯ ላይ ሄጄ ለመንኋት፤ ረዥም ጊዜ ወሰደባት፤ ለጀማሪ ግን ጎበዝ ነበረች። ብሌን ግን ቀላል አልሆነችልኝም። «አባዬ፣ አንዲት ቃል?» አለችኝ። «አንድ ጊዜ 'ተበላሽቷል' ማለት እንዴት ያቅትሃል? ለማን ብለህ ነው?» ለማን ብዬ እንደሆነ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ «እሱንስ ልክ ነህ» አለችና እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ግን ማዶ ስትሄድ የምታያት አንተ አይደለህም፤ ቀለሟን በእጄ ላይ የማየው እኔ ነኝ።»

ሰኞ በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምሁ። የማዶው አውቶቡስ መጣ። ሙሄ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ለመጀመሪያ ቀን የተመደበው እዚያው አውቶቡስ ላይ ነበር፤ ሹፌር በሌለበት መኪና ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ከልማድ የተነሣ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ። ተዋበች በፊቴ አለፈች። ሰላም አላለችኝም። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና ጀርባዋን ወደ እኔ አዞረች።

በሮቹ ተዘጉ። አውቶቡሱ ግን አልሄደም። ቀይ አምፖል የበራበት ልጅ የተሳፈረበት አውቶቡስ እንደማይንቀሳቀስ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያን ዕለት ድረስ ያጋጠመው ሰው ስለሌለ የሚያውቀውም አልነበረም። ከኋላው ሁለተኛው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ከዚያም ሦስተኛው። ሙሄ ወደ ተዋበች ሄዶ ዝቅ ሲል፣ ሦስት ጣቱን ሲቆጥርላት በመስተዋቱ አየሁት። ራሷን ነቀነቀች። በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«መምህር፣ ይኼ የኔ ሥራ አይደለም! እኔን አይደለም የምትጠብቀው!»

«የምስክር ወረቀት የለኝም። መሳፈር አይፈቀድልኝም።»

«መሳፈር ነው የተከለከለው፤ መስኮት ስር መቆም ማን ከለከለ? አብሽሩ፣ ይምጡ እንጂ! ከተማው ቆመ እኮ!»

መስኮቱን ከፈተልኝ። ቀርቤ ቆምሁ። ከፍ ያለ ስለነበረ የሚታየኝ የተሸረበ ጠጉሯና ቀይ ብርሃን የነካው የጆሮዋ ጫፍ ብቻ ነበር። ከኋላ ያሉት አውቶቡሶች ልጆች መስተዋቱ ላይ ተለጥፈው ይመለከቱን ነበር።

«ተዋቡ» አልሁ።

የጠጉሯን ጫፍ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ሳበችው።

«የኔ እመቤት። ማዶ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ። አያስገቡኝም፤ አጥሩ ግን ቀዳዳ የለውም እንዴ? እዚያ ቆሜ እለምንሻለሁ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ትከሻዋ ትንሽ ወረደ። ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ገና ነኝ» አለችኝ።

«አልቸኩልም» አልኋትና በፀሐዩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።